ሁለት ጥንድ ጫማ በአንድ በር

ለየሺ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ባለፈው መስከረም ሰባ ሰባት ዓመት ደፍኛለሁ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኝልኝ አይደለም። አሁንም ከገነተ ማርያም ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ በእግሬ ሄጄ በዚያው ቀን እመለሳለሁ፤ ምርኩዝ የምይዘው ለውሻ ነው። እንጨት እፈልጣለሁ። መዶሻና መሮ ይዤ ድንጋይ እጠርባለሁ፤ እጄ የሚንቀጠቀጠው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይተወዋል። ሽሮ እሠራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ውሻው እንኳ አሽትቶ ትቶት ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን የንስሐ አባታችን መጥተው በልተው "ጨው በዛበት" ከማለት በቀር ክፉ አልተናገሩም። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነው ያቃተኝ፤ እሱን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ።

ደግሞም እጽፋለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ትርንጎ በስልክ "አባዬ፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍልዎ" ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። ልጅሽ ናትና ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ፊደሉ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ቢሆንብሽ የእጄ ነገር ነው፣ ታውቂዋለሽ።

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነበር፤ ሰዉ ገና የበዓሉን ልብስ ሳያወልቅ ቀብርሽ ላይ ቆመ።

የቤቱን ወሬ ላውራሽ። ቡሬ ወለደች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ እንደ እናቷ እልኸኛ ናት። ዶሮዎቹን ሸለምጥማጥ ፈጅቷቸው አንዷ ብቻ ቀርታለች፤ ያቺ አንቺ "ወሬኛዋ" የምትያት። በሩ አጠገብ የተከልሽው ጽድ ጣሪያውን አልፎታል። ከመንደሩ በታች የቧንቧ ውኃ ገብቷል። አንቺ እንስራ አዝለሽ የምትወጪበት ዳገት አሁን ሣር በቅሎበት መንገዱ ጠፍቷል። እሰይ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ለምን እስካሁን ቆየ ብዬ ከውኃው ጋር ተጣላሁ።

መቃብርሽ ላይ ያቆምኩት ድንጋይ ባዶውን ነው። ጥሩ ድንጋይ ነው፤ ራሴ መርጬ፣ ራሴ አለስልሼ ያቆምኩት። ስም ግን የለበትም። ሰው ያማኛል። የአገሩን ቤት ሁሉ በድንጋይ የገነባ ሰው የሚስቱን ስም አጣበት ይላሉ። መሪጌታ አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ "እኔ በወረቀት ጽፌ ልስጥህ፣ አንተ እያየህ ቅረጸው" አሉኝ። በጎ አሳብ ነበር። ግን ሌላ ሰው የጻፈውን ስምሽን ምኑ ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንደ ሐረግ ጌጥ ልቀርጸው? እምቢ አልኩ። እሳቸውም "እንግዲያው ባዶውን ይቁም" ብለው ተዉኝ። እንዳሉትም ባዶውን ቆመ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ሄጄ መጣሁ።

አዎ፣ እኔ። ብትስቂ እውነትሽን ነው። ሦስት ጊዜ እንሂድ ብለሽኝ ሦስት ጊዜ እምቢ ያልኩሽ ሰው ሄድኩ። መጀመሪያ የለመንሽኝ ትርንጎ እዚያ ወልዳ ስትጠራን ነበር። "ሄደን አራሷን እንጠይቅ፣ በዚያውም ነገሥታቱ የተቀመጡበትን፣ የጥንቱ ዕቃ ያለበትን ቤት እናያለን" አልሽኝ። እኔ ምን አልኩሽ? "ዓለም በአውሮፕላን እየበረረ የእኛን አገር ሊያይ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ የማንን አገር ላይ ነው የምሄደው?" አልኩ። ጎረቤት ሰምቶ ሳቀ፣ እኔም በንግግሬ ተኩራራሁ። ሁለተኛ ጊዜ የማኅበርሽ ሴቶች አውቶቡስ ይዘው ሲሄዱ ጠየቅሽኝ፤ ያንኑ ደገምኩልሽ። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ሦስተኛው ሆድሽን ሲያምሽ ነው። የላሊበላ ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት የላኩሽ ጊዜ። "አብረን እንሂድ" አልሽኝ። "ገብሱ ይታጨድና እደርሳለሁ" አልኩሽ። እስከ ጋሸና ሸኘሁሽ። መኪናው መገንጠያው ላይ ሲቆም ወረድኩ፣ አንቺ በመስኮት ቂጣ ሰጠሽኝ፤ ለመንገደኛዋ ስንቅ ማቀበል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ። እኔ ግን አልደረስኩም። አምስት ሳምንት ቆይተሽ ሐኪሞቹ "ወደ ቤትሽ ሂጂ" ብለው መለሱሽ። ስትመጪ ስለ ከተማው ጠየቅሁሽ። "ሰው ይበዛዋል" አልሽኝ። እኔም አልደገምኩም።

ዘንድሮ ለሁለተኛ ዓመት ዝክርሽ ትርንጎ መጣች። ልብስሽን ለነዳያን ልንሰጥ ሳጥንሽን ከፈትን። ከሥሩ፣ በአሮጌ ነጠላሽ ተጠቅልሎ፣ አንድ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ ወጣ። ጎኑ ላይ ዘለበት አለው። ሶሉን ገልብጬ አየሁት፤ አፈር ያልነካው ይመስላል። አንቺን በላስቲክ ጫማ ነው የማውቅሽ። "ይህ የማን ነው?" አልኳት። ትርንጎ ጫማውን ከእጄ ወስዳ በነጠላሽ ጠረገችው። በኋላ ነገረችኝ።

እዚያ ሳለሽ፣ ሻል ያለሽ ቀን፣ ትልቁን ሙዚየም ላሳይሽ ብላ ያን ጫማ ገዝታ አጥልቃልሽ በታክሲ ወሰደችሽ። በሩ ድረስ ደረሳችሁ። ከዚያ አንቺ ቆምሽ። "እሳቸው ሳይገቡ እኔ አልገባም። ሲመጡ አብረን እንገባለን" አልሽ። ትርንጎ ለመነችሽ፤ አሞሽም ነበርና አልጨቀጨቀችሽም። ታክሲው ውስጥ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ሶሉን ጠርገሽ ጠቀለልሽው። ከዚያ በኋላ አላደረግሽውም።

የሺዬ፣ ያን ጊዜ እኔ አውድማ ላይ ነበርኩ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ እኔን ስትጠብቂ እኔ ከበሬ ጋር እጨቃጨቅ ነበር።

በማግስቱ ትርንጎን፣ "ስትመለሺ እሄዳለሁ" አልኳት። ማሰብ ያለብኝ መሰላት፤ "አባዬ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉልበትዎ..." ስትለኝ፣ "ጉልበቴን ማን ጠየቀሽ?" አልኳት። ጫማሽን በፌስታል አድርጌ ያዝኩ። ሻንጣ ውስጥ እንክተተው ብትለኝ አልሰጠኋትም፤ ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድኩ።

ጋሸና ስንደርስ አውቶቡሱ ቁርስ ለመብላት ቆመ። አልወረድኩም። በዚያ መገንጠያ አንድ ጊዜ ወርጄ ያደረግሁትን አውቃለሁና አልወረድኩም። ትርንጎ ቂጣና ሻይ በመስኮት አቀበለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አንቺ አይተሽዋል፤ እኔ አላየሁትም ነበር። አንዱን ቁልቁለት በወረድን ቁጥር "ይህን እሷ አይታዋለች" እያልኩ ሄድኩ። ደሴ አድረን በማግስቱ ገባን።

ከተማውን ምን ብዬ ልንገርሽ። ድልድይ ላይ የሚሄድ ባቡር አለ። ፎቁ ከፎቅ ተጋፍቷል፤ መስታወት ብቻ የሆነ ግድግዳ አየሁ፣ ይህን የሠራ ግንበኛ ክረምት ሲመጣ ምን ሊል ነው ብዬ ትርንጎን ጠየቅሁ። በአንዱ ቀን ነገሥታቱ የኖሩበትን ግቢ አሳየችኝ። ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳ አለ፤ ተኝቶ አየኝ፣ እኔም ቆሜ አየሁት፣ ቀድሞ ዓይኑን የመለሰው እሱ ነው። በሌላው ቀን ትልቁን ካቴድራል ተሳለምን። ድንጋዩ በጣም ጥሩ ተጠርቧል፤ መጋጠሚያውን በጥፍሬ ፈተንኩት፣ አያስገባም። ግን ከታች ወደ ላይ የተካበ ነው። የእኛ ከላይ ወደ ታች የወረደ ነው። ይህን ለአንድ ዲያቆን ነግሬው "ልክ ነዎት አባቴ" አለኝ። ኩራቴ ያን ያህል እንዳልሞተ እወቂ።

ሙዚየሙን ያቆየሁት እኔ ነኝ። ትርንጎ ወደዚያ ልንሂድ ስትል "ነገ" እላት ነበር። ፈርቼ ነው። አሁን ልንገርሽ፣ በዚህ ዕድሜዬ የምደብቅሽ የለም፤ ፈርቼ ነው። በአራተኛው ቀን ሄድን።

በሩ ላይ ስንደርስ ትርንጎ በጣቷ አሳየችኝ፤ "እናቴ የቆመችው እዚህ ጋ ነው" አለች። አንድ የዛፍ ጥላ አለ። እዚያ ትንሽ ቆምኩ።

አንድ ነገር አስታወሰኝ። እኔና አንቺ ሃምሳ ዓመት አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄደናል። አብረን ከቤት እንወጣለን፣ ዐጸዱ ላይ ስንደርስ እንለያያለን፤ አንቺ በሴቶቹ በር፣ እኔ በወንዶቹ በር። ጫማሽ ከሴቶቹ ጫማ ጋር፣ ጫማዬ ከወንዶቹ ጋር። ቅዳሴ ሲያልቅ ጽዱ ሥር እንገናኛለን። ሥርዓት ነው፣ ጥሩ ሥርዓት ነው። ግን ጫማችን አንድ በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ አያውቅም። በአንድ በር የምንገባው ጎጇችን ብቻ ነበር፤ እሱም በሩ ጠባብ ስለሆነ እኔ ቀድሜ፣ አንቺ ተከትለሽ።

የሙዚየሙ በር አንድ ነው። ወንድ ይግባ ሴት ይግባ፣ አንድ ነው።

እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። ፌስታሉን ፈትቼ ጥቁሩን ጫማሽን አወጣሁና ከጫማዬ ጎን አስቀመጥኩት፤ ግራሽ ከቀኜ አጠገብ። ትርንጎ፣ "አባዬ፣ እዚህ አይወለቅም!" ብላ እጄን ያዘች። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ መጣ፤ ጎልማሳ ነው፣ ጢሙን ያሳደገ።

"አባቴ፣ ጫማዎን ያጥልቁ፣ ወለሉ ይበርዳል" አለኝ።

"እኛ አገር የተከበረ ቤት በጫማ አይገባም" አልኩት።

"ከየት ነው የመጡት?"

"ከላስታ።"

ወደ ጫማዎቹ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ይኸኛው የሴት ነው፤ የማን ነው?" አለ።

"የባለቤቴ ነው።"

"እሳቸውስ የት አሉ?"

እኔ ምን እንደምል ሳላስብ፣ "ልንገባ ነው" አልኩት።

ትርንጎን አያት። እሷ አንገቷን ደፋች። ሰውየው ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። "እንግዲያው ይግቡ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ" አለና ሁለቱንም ጥንድ ከሰው መረገጫ አንሥቶ ከወንበሩ ሥር ጎን ለጎን አደረገው። "እኔም የእርስዎ ጎረቤት አገር፣ የወገል ጤና ልጅ ነኝ" አለኝ፤ በአነጋገሩ ቀድሜ አውቄዋለሁ። በካልሲ ገባሁ። ወለሉ እውነትም ይበርዳል።

እንደ ልማዴ ቀድሜ ገባሁ።

የነገሥታት ልብስና ዙፋን አለ። የእጅ መስቀል፣ የመጾር መስቀል፣ በመስታወት ውስጥ። አንዱ ከእኛ ወገን የመጣ ይመስላል፤ አሠራሩን አውቀዋለሁ። መስታወቱን ልሳለም ጎንበስ ስል አንዲት አስጎብኚ ልጅ "አባባ፣ አይነካም" አለችኝ። "ልነካው አይደለም፣ ልሳለመው ነው" አልኳት። ተሳለምኩ፤ በመሐረቧ መስታወቱን ጠረገችው። ጥሩ ልጅ ናት።

ከታች ድንቅነሽ የሚሏት የጥንት ሴት አጥንት አለ። በመስታወት ውስጥ ተዘርግታለች፤ ከእሷ ብዙው የለም፣ የቀረው ግን ሰው መሆኑ ይታወቃል። ልጅቷ "ይቺ አምሳያዋ ናት፤ ዋናዋ በሚገባ ተቀምጣለች፣ ለሁሉ አትወጣም" አለችን። ከኋላችን ያሉ ተማሪዎች "አሃ፣ እውነተኛዋ አይደለችማ!" ብለው አጉረመረሙ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ይቅር ይበለኝና፣ የእኛም ዋናው፣ ታቦቱ፣ ለሰው ዓይን አይወጣም። የተከበረ ነገር እንዲህ ነው የሚያዘው።

አጠገቧ ጽሑፍ አለ፣ በአማርኛ። ያን ጽሑፍ ላንቺ ላነበው ነው የመጣሁት። ድንጋይሽን ባዶ ካቆምኩ ወዲህ ከጎረቤት ልጅ ደብተር የለቀምኳቸው ጥቂት ፊደሎች ነበሩኝ፤ ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ድምፅ አውጥቼ፣ ፊደል በፊደል። "በ... ሁ... ለት... እግ... ሯ..." ልጅቷ "አባባ፣ ላንብብልዎ?" አለችኝ። "አይ፤ እኔው ነኝ የማነበው" አልኳት። ከኋላ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ተማሪ "ዛሬ እዚሁ ልናድር ነው" አለ፤ ሌላዋ "ዝም በል፣ ሽማግሌ ናቸው" አለችው። ትርንጎ በጆሮዬ፣ "አባዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አለች።

"ይጠብቅ! እናትሽም ጠብቃለች" አልኳት።

ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። ትርንጎ ፊቷ ተለዋወጠ። እጄን ይዛ እየጎተተች ወደ ውጭ አወጣችኝ፤ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝና፣ "እናቴ ከመቼ ጀምሮ እንደጠበቀችዎ ያውቃሉ?" አለችኝ። እያለቀሰች ነው።

የሺ፣ በበሩ ላይ የተናገርሽውን ግማሹን ብቻ ነበር የነገረችኝ። ቀሪውን ያን ቀን ነገረችኝ። እንዲህ ነበር ያልሽው፤ "ቀድሜያቸው ባየው ቤቴ ገብቼ ማውራት ይከብደኛል። ፊደሉም ጊዜ እንዲሁ አድርጌ ነው የተውኩት። እሳቸው ወደ ኋላ ቀርተው እኔ ወደፊት መሄድ አልሆንልኝ አለ።"

ፊደሉ!

ረስቼው አልነበረም። ለመርሳት የሞከርኩት ነው እንጂ። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ፣ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ፣ እኔና አንቺ አብረን ገባን። ትርንጎን ታቅፈሽ ነበር የምትማሪው። በሦስተኛው ሳምንት አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ጠራሽና ስምሽን ጻፍሽ። የሺ። ሁለት ፊደል፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ። አጨበጨቡልሽ። ከኋላ አንዱ፣ "ባሏ ገና ሀ ላይ ተኝቷል!" አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ "መሮ ጣቴን መታኝ" ብዬ ቀረሁ። ጣቴ ምንም አልነበረውም። ያው ሳምንት አንቺም ቀረሽ። "ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ልማር አልቻልኩም" አልሽ። እኔም አመንኩሽ። ማመን ተስማምቶኝ ነው እንጂ እንደ ትርንጎ ያለ ዝምተኛ ሕፃን በአገሩ አልነበረም።

ስንት ዓመት ሆነው? ከዚያ ወዲህ የትርንጎ ደብዳቤ ሲመጣ ሁለታችንም ወደ መሪጌታ ይዘን እንሄድ ነበር። አንቺ ሁለት ወር ብትቀጥይ ራስሽ ታነቢው ነበር። እኔ በራፍ ላይ ተጋድሜ መንገድሽን ዘግቻለሁ፣ አንቺም ልትራመጂኝ አልወደድሽም። እኔ እልኸኛ እባል ነበር። እልኸኛዋ ለካ አንቺ ነሽ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቀብርሽ ላይ እንባ አልወጣኝም ነበር፤ ሰውም ታዝቦኛል። እዚያ፣ በማላውቀው ግቢ፣ ተማሪ እየመጣ እያለፈ፣ በካልሲዬ ተቀምጬ አለቀስኩልሽ። ትርንጎ ነጠላዋን ሰጠችኝ፣ ጠረግሁ። ከዚያ ተነሣሁ።

"ወደ ቤት እንሂድ?" አለችኝ።

"አልጨረስኩም" አልኳት።

በሩ ላይ ስመለስ ቆምኩ። ወደ ጎን፣ ከመድረኩ ፈቀቅ ብዬ ቆምኩ። ያ የወገል ጤናው ልጅ፣ "አባቴ፣ ይግቡ እንጂ፣ ልንዘጋ ትንሽ ነው የቀረን። ምን ይጠብቃሉ?" አለኝ።

"ትቅደም ብዬ ነው" አልኩት።

የሚያየው ሰው የለም። ግን እሱም ፈቀቅ አለልሽ። አንድ ሰው የሚያልፍበትን ያህል ጊዜ ቆመን ጠበቅን፣ እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ። ከዚያ ተከትዬሽ ገባሁ።

ተማሪዎቹ ሄደው ነበር። ከመጀመሪያው ፊደል እንደገና ጀመርኩ። ጨረስኩት። በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር ይላል። ሌላም ይላል፤ ሁሉን አንብቤልሻለሁ፣ አንድም አልዘለልኩም። ስወጣ ጥበቃው ጫማዎቹን አቀረበልኝ። የእኔን አጠለቅሁ። ያንቺን በእጄ ይዤ ወጣሁ፤ ሶሉ ላይ ትንሽ አፈር ነበር፣ ከበሩ ደጃፍ የነካው። አልጠረግሁትም።

ከተመለስኩ ስድስት ሳምንት ሆኖኛል። የቀሩኝን ፊደሎች ልለይ ከላሊበላ ገበያ የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። የንስሐ አባታችን ቄሱ አይተው "በዚህ ዕድሜ?" አሉ። "በየትኛው ልጠብቅ?" አልኳቸው። ማታ ማታ ዓይኔ አያይም፤ ጠዋት በራፍ ላይ፣ ጽድሽ ሥር ነው የማጠናው። ወሬኛዋ ዶሮ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች።

ሳትጠብቂኝ የገባሽበት በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ወደሽ አይደለም። በእዳ እንደቀረሁ አውቃለሁ። ትርንጎም፣ ቄሱም፣ ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም። ልንገርሽ፣ አንድ በአንድ ራሴ ነኝ የምከፍለው።

ለማኅበርሽ ሴቶች ቀርቤ፣ ያን ጊዜ "መሄድ አልወደደችም" ያልኳችሁ ውሸት ነበር፣ የከለከልኳት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ያየሁትንም ሁሉ አጫውታቸዋለሁ፣ ሳልኩራራ፤ ቢያንስ እሞክራለሁ።

የወገል ጤናው ልጅ እናቱ በሕይወት አሉ። "ካገኙልኝ ደህና ነው ይበሏቸው" ብሎ ሰላምታ ሰጥቶኛል። በስልክ እንዲነገራቸው አልፈልግም። የገበያቸውን ቀን ጠይቄ በእግሬም በመኪናም ሄጄ በአፌ አደርሳለሁ፤ ልጃቸው ጫማሽን እንደጠበቀልሽም እነግራቸዋለሁ።

ትርንጎ ደብዳቤ ስትጽፍልኝ መሪጌታ ዘንድ አልሄድም። አንቺ ያላነበብሻቸውንም ያለፉትን ደብዳቤዎች ከሳጥኑ አውጥቼ አንድ በአንድ መቃብርሽ ላይ አነብልሻለሁ፤ ክረምት ሳይገባ።

ጫማሽን ለነዳያን አልሰጥም። ለዚህ ቄሱ ቢቆጡኝ ይቆጡ። ከበሩ ውስጥ፣ ከጫማዬ በስተቀኝ አስቀምጬዋለሁ፤ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አስብሻለሁ፣ ጉልበቴ እስከሚዝል ድረስ።

ከትንሣኤ በኋላ፣ እጄ ፀሐይ ሲያገኝ፣ መዶሻና መሮዬን ይዤ ወደ ድንጋይሽ እመጣለሁ። ወረቀት አልይዝም። ስምሽን በሰሌዳው ላይ እንደጻፍሽው እቀርጸዋለሁ፤ የሺ፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ ከድንጋዩ ከላይ። ከሥሩ የእኔን የሚያህል ቦታ ባዶ እተዋለሁ። እሱን ብቻ ሌላ ሰው ይጻፈው።